«በሽተኛው» ማን ነው?

ነገሩ የተጀመረው አንድ ሰው አጣርቶ ባልሰማው ወሬ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ጆን ቤል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ወደ ለንደን ተሻግሮ ታቪስቶክ ክሊኒክን ጎበኘ። እዚያም የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ጆን ቦውልቢ ቤተሰብን በአንድነት ሰብስቦ ለማከም እየሞከረ መሆኑን በጨዋታ መሐል ሰማ። ቤል ነገሩን የተረዳው አባት፣ እናትና ልጆች ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አብረው ተቀምጠው ይታከማሉ ብሎ ነበር። ወደ ማሳቹሴትስ ተመልሶ በዉስተር ከተማ እንዳሰበው አደረገ፤ ሠራለትም። ቦውልቢ ቤተሰቡን አንድ ላይ የሚያነጋግረው አልፎ አልፎ፣ ለዋናው ሕክምና ማገዣ ያህል ብቻ እንደነበር ቤል ያወቀው ከጊዜ በኋላ ነው።

ቤተሰብን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ዛሬ ምንም አያስደንቅም። በዚያ ዘመን ግን ነውር ለመባል ጥቂት የቀረው ድርጊት ነበር። ሲግመንድ ፍሮይድ የታማሚውን ዘመዶች በሕክምናው ውስጥ ማስገባትን፣ ቀዶ ጥገና በሚደረግበት ክፍል ዘመድ አዝማድ ቆሞ አንገቱን እያሰገገ እንዲያይ ከመፍቀድ ጋር አመሳስሎታል። የሚገርመው፣ በ1909 ባሳተመው የ«ትንሹ ሃንስ» ታሪክ ፈረስ የሚፈራውን ልጅ ያከመው በአባቱ በኩል ነበር፤ ልጁን ራሱን በሕክምናው ጊዜ ያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሕጉ ጸና። በአሜሪካ የሕፃናት ክሊኒኮች ልጁን ሐኪሙ በአንድ ክፍል፣ እናቲቱን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ በሌላ ክፍል ያነጋግሯቸው ነበር። አባት አብዛኛውን ጊዜ አይጠራም ነበር።

ባልና ሚስትን የሚያማክሩት ባለሙያዎች በሌላ መንገድ ነበር የመጡት። ፖል ፖፕኖ በ1930 በሎስ አንጀለስ፣ ኤሚሊ ማድ በ1932 በፊላደልፊያ የምክር ማዕከል ከፈቱ፤ በ1942 ደግሞ የጋብቻ አማካሪዎች ማኅበር በአሜሪካ ተቋቋመ። ይህ ጅምር ጥቁር ነጥብ አለበት። ፖፕኖ «የተሻለ ዘር» ብቻ እንዲዋለድ ይሰብክ የነበረው የዩጀኒክስ እንቅስቃሴ ታዋቂ ተሟጋች ሲሆን፣ ትዳርን ማዳን የፈለገበትም አንዱ ምክንያት እሱ ብቁ የሚላቸው ሰዎች እንዲበዙ ነበር። በ1953 በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ የጀመረው የትዳር ምክር ዓምድ ለብዙ ዓመታት ከፍተኛ ተነባቢነት አግኝቷል።

ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከሩ ነበር፤ ጥፋቱ የማን ነው? የአእምሮ ሕክምናው መልስ ብዙ ጊዜ «የእናት» ሆኖ ይገኝ ነበር። በ1948 ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የተባለች ሐኪም ስኪዞፍሬኒያ የተባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመም «የምታመጣ እናት» የሚል ስያሜ ጻፈች። ቃሉ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ልጃቸው የታመመባቸው እናቶችም ከሐዘናቸው ላይ ጥፋተኝነት ተጫነባቸው። የቤተሰብ ሕክምና ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ለመላቀቅ የተደረገ ረጅም ትግል ነው ማለት ይቻላል፤ ትግሉም በየምዕራፉ ተሰናክሏል።

የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ የወሰደው ሐኪም አልነበረም። ግሪጎሪ ቤትሰን ትውልደ እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ነበር። ማሽኖችና ሕያው ፍጥረታት ራሳቸውን በራሳቸው እንዴት እንደሚቆጣጠሩ የሚያጠናው ሳይበርኔቲክስ ልቡን ስቦት ነበር። በ1952 የሮክፌለርን ድርጅት ገንዘብ አግኝቶ፣ በካሊፎርኒያ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ የሰዎችን ንግግር ማጥናት ጀመረ። ጄይ ሄሊና ጆን ዊክላንድ ከጅምሩ አብረውት ነበሩ፤ የአእምሮ ሐኪሙ ዶን ጃክሰን በ1954 ተጨመረ።

በ1956 አራቱ ያሳተሙት ጽሑፍ አንድ ትዕይንት ይተርካል። ከሕመሙ እያገገመ ያለ ወጣት እናቱ ልትጠይቀው ሆስፒታል ትመጣለች። ደስ ብሎት ያቅፋታል፤ ሰውነቷ ደርቆ ይቀራል። እጁን ሲሰበስብ «አትወደኝም እንዴ?» ትለዋለች። ፊቱ ሲቀላ ደግሞ ስሜቱን መፍራት እንደሌለበት ትመክረዋለች። ቢያቅፋት ተሳስቷል፤ ባያቅፋትም ተሳስቷል፤ ስለ ነገሩ እንዳይናገርም መንገዱ ተዘግቷል። ወጣቱ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አብሯት መቆየት አልቻለም፤ ከሄደች በኋላም በአንድ የሆስፒታል ሠራተኛ ላይ ጥቃት አደረሰ። ተመራማሪዎቹ ይህንን ወጥመድ «ድርብ ማነቆ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ጠሩት።

ጃክሰን ደግሞ የቤት ማሞቂያን ምሳሌ አደረገ። ማሞቂያው ቤቱ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይነሣል፣ ሲሞቅ ራሱ ይጠፋል። ቤተሰብም እንዲሁ የለመደውን ሚዛን ይጠብቃል። ሚስት ከድባቴዋ ስትድን ባል መታመም፣ ልጅ ሲሻለው ወላጆች መጣላት ሲጀምሩ ያየ ሐኪም ነበርና፣ ሕመሙ ሚዛኑን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው «ማን ነው የታመመው?» መሆኑ ቀርቶ «በመካከላቸው የሚሆነው ምንድን ነው?» ሆነ።

በዚያው ሰሞን በአገሩ ሌላ ጫፍ የአእምሮ ሐኪሙ መሬይ ቦውን ከዚህ የበለጠ ድፍረት እያሳየ ነበር። በዋሽንግተን አቅራቢያ በቤተዝዳ በሚገኘው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም፣ ከ1954 ጀምሮ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ወጣቶች ከእናቶቻቸው ጋር ሆስፒታል አስተኛ፤ ቀጥሎም አባቶችንና እኅት ወንድሞችን ጨመረ። ቤተሰቦቹ ለወራት በክፍሉ ውስጥ ኖሩ፣ ተመራማሪዎቹም ሲበሉ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ አዩአቸው። ቦውን ካስተዋላቸው ነገሮች መካከል አንዱ እስከ ዛሬ የሚሠራበት «ሦስት ማዕዘን» ነው። ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ያለው ውጥረት ሲበረታባቸው ሦስተኛ ሰው ይስባሉ፤ ባልና ሚስት መነጋገር ሲያቅታቸው ወሬያቸው ሁሉ ስለ ልጁ ትምህርት ወይም ስለ ልጁ ጤና ይሆናል። ልጁም ሸክሙን ይሸከማል።

ቦውን መፍትሔ ያለው «ራስን መለየት» ነው። ከቤተሰብ ሳይቆራረጡ፣ በቤተሰብ ስሜትም ሳይዋጡ የራስን ሐሳብ ይዞ መቆም ማለቱ ነበር። ለዚህ የሚረዳው መሣሪያ በኋላ ጄኖግራም የተባለው ሥዕል ነው፤ ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ፣ ጠብ በተሰባበረ መስመር እየተመለከተ ቢያንስ ሦስት ትውልድ በአንድ ወረቀት ይሰፍራል። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ድረስ ለሚቆጥር የአማርኛ አንባቢ ትውልድ መቁጠር እንግዳ አይሆንበትም። ቦውን የሚቆጥረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አያት ከወንድሙ ጋር እንደተኳረፈ ሞቶ፣ አባት ከእኅቱ ተኳርፎ፣ ልጁ ዛሬ ለምን ስልክ እንደማያነሣ። በ1967 በፊላደልፊያ በተደረገ ጉባኤ ላይ ስለ ንድፈ ሐሳቡ ሊናገር የተጠበቀው ቦውን፣ ቴነሲ ውስጥ ካለው ከገዛ ቤተሰቡ ጋር እንዴት ራሱን ለመለየት እንደሞከረ ለባልደረቦቹ ዘርዝሮ ተረከ። ንግግሩ በ1972 ሲታተም የጸሐፊው ስም አልተጠቀሰም ነበር።

ቨርጂኒያ ሳቲር ከሌሎቹ የምትለየው በሙቀቷ ነው። ከዊስኮንሲን ገጠር የወጣች መምህርት ስትሆን፣ ኋላ የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ተማረች። በ1951 ቺካጎ ውስጥ ስታክማት የነበረች ወጣት እየተሻላት ሳለ፣ የልጅቱ እናት ስልክ ደውላ «ልጄን ለየሽብኝ፤ እከስሻለሁ» አለች። ሳቲር ከዛቻው ሥር ልመና ሰማችና «ይምጡ» አለቻት። እናቲቱ ስትመጣ የልጅቱ ጤና ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሳቲር አባትየውን፣ ቀጥሎም ወንድሟን ጠራች፤ መላው ቤተሰብ እስኪሰበሰብ ድረስም የሚሆነው ነገር አልገባትም ነበር።

ከዚህ ልምድ በመነሣት ሰዎች በጭንቀት ጊዜ የሚይዟቸውን አቋሞች ለየች። አንዱ ይለማመጣል፤ አንዱ ጣቱን ይቀስራል፤ አንዱ ስሜቱን ቆልፎ እንደ መጽሐፍ ያወራል፤ አንዱ ወሬ ያስቀይሳል። አምስተኛው ልቡና አፉ የተስማማለት ነው። ሳቲር ይህንን በቃል ብቻ አላስተማረችም። የቤተሰቡን አባላት ከወንበራቸው አስነሥታ እንደ ሐውልት ታቆማቸዋለች፤ ተለማማጩን ታንበረክካለች፣ የወቃሹን እጅ ታዘረጋለች። በጉልበቱ ላይ ትንሽ የቆየ አባት በቤቱ ውስጥ ምን ሆኖ እንደኖረ አካሉ ይነግረዋል።

ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው መክፈል ለሚችል መካከለኛ መደብ የተሠራ ነበር። ነገሩን ወደ ድሆች ሠፈር ያወረደው ሳልቫዶር ሚኑቺን ነው። በ1921 በአርጀንቲና ገጠር ከሩሲያ በመጡ አይሁዳውያን ቤተሰብ የተወለደ ሐኪም ሲሆን፣ በ1948ቱ ጦርነት በእስራኤል ጦር ውስጥ በሕክምና አገልግሏል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዊልትዊክ በሚባል፣ አብዛኞቹ ከኒውዮርክ ድሃ ሠፈሮች የመጡ ጥቁርና የፖርቶ ሪኮ ልጆች በሚታረሙበት አዳሪ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። ልጆቹ በተቋሙ ውስጥ ይታረማሉ፤ ቤታቸው ሲመለሱ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ሚኑቺንና ባልደረቦቹ ቤተሰቦቹን መጥራት ፈለጉ፤ ግን ማንኛቸውም እንዴት እንደሚደረግ አያውቁም ነበር። ግድግዳ አፍርሰው በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ መስታወት ተከሉ፤ አንዱ ቤተሰቡን ሲያነጋግር ሌሎቹ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው ያዩታል፣ ከዚያም ይተራረማሉ። ሙያውን የተማሩት እርስ በርሳቸው ነው። በ1967 ያወጡት መጽሐፍ የድሃ ሠፈር ቤተሰቦችን የሚመለከት ነበር።

ሚኑቺን ቤተሰብን እንደ ቤት ያየዋል። የወላጆች ክፍልና የልጆች ክፍል መካከል ግድግዳ ያስፈልጋል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ በር። ግድግዳው ከጠፋ እናት በልጇ ፈንታ ትመልሳለች፣ ልጅ በወላጆቹ ጠብ ውስጥ ዳኛ ይሆናል። በሩ ከጠፋ ሁሉም ለየብቻው ይቀራል። ስለዚህ ሚኑቺን በሕክምናው ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ቤተኛ ይሆናል፤ እንደነሱ ይቀልዳል፣ እንደነሱ ይናገራል። ከዚያ «ለእኔ አትንገሩኝ፤ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ» ይላል፤ ጠቡ ከአፍ ወሬነት ወጥቶ ዓይኑ እያየ ይፈጸማል። በእናትና በአባት መካከል የተቀመጠውን ልጅ አስነሥቶ ወንበሩን ወደ ዳር ይገፋዋል። በዚህች ቀላል እንቅስቃሴ ባልና ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ይቀራሉ።

በ1965 የፊላደልፊያ የሕፃናት ክሊኒክ ኃላፊ ሆነ። እዚያ ምግብ እምቢ ብለው የሰነበቱ ልጃገረዶችን ከነቤተሰባቸው ምሳ ይጋብዛቸው ነበር፤ ጠቡ በሳህኑ ዙሪያ ይገለጣል። እሱና ባልደረቦቹ የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ላይም አንድ ጥናት አደረጉ። ልጁ በመስታወቱ በኩል ወላጆቹ ሲጣሉ ያያል፣ ኋላም ወደ እነሱ ይገባል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሁሉም ደም ይወሰዳል። ጭንቀትን የሚጠቁመው በደም ውስጥ ያለ ስብ ልጁ ሲገባ በወላጆቹ ላይ እየቀነሰ በልጁ ላይ ሲጨምር ተመዘገበ። የተጠኑት ቤተሰቦች ጥቂት በመሆናቸው ጥናቱ በኋላ ተተችቷል። ሆኖም የወላጆች ጠብ በልጅ ሰውነት ሊለካ ይችላል የሚለው ሐሳብ ብዙ ሐኪሞችን ቀሰቀሰ። ሚኑቺን ከጄይ ሄሊና ከብራውሊዮ ሞንታልቮ ጋር ሆኖ ዲግሪ የሌላቸውን የሠፈሩን ነዋሪዎች አሠልጥኖ አማካሪ ማድረጉ ደግሞ በሙያው ታሪክ ከሚያኮሩ ሥራዎች አንዱ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ሌላ መስታወት ተተከለ። ማራ ሴልቪኒ ፓላዞሊ በ1967 ሚላኖ ውስጥ ማዕከል አቋቋመች፤ ከጊዜ በኋላ ቦስኮሎ፣ ቼኪንና ፕራታ አብረዋት የታወቀውን የአራት ሰዎች ቡድን መሠረቱ። ሁለቱ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣሉ፣ ሁለቱ ከጀርባ ሆነው ያዩና ሲያስፈልግ ባልደረባቸውን ያስጠራሉ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከሩቅ በባቡር ስለሚመጡ በየሳምንቱ መመላለስ አልቻሉም፤ ቀጠሮው በወር አንድ ጊዜ ሆነ። ለችግር የተደረገው ነገር ጥቅም አመጣ፤ በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለው ወር ቤተሰቡ ራሱን የሚለውጥበት ጊዜ ሆኖ ተገኘ። የሚላኖዎቹ ትልቁ ስጦታ አጠያየቃቸው ነው። ለእናት «ለምን ታለቅሻለሽ?» አይሏትም። ልጅቱን «እናትሽ ስታለቅስ ከአባትሽና ከወንድምሽ ቀድሞ የሚነሣው ማን ነው?» ይሏታል። መልሱ ሲሰጥ ሁሉም ራሱን በሌላው ዓይን ያያል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ይመስላል። ስብራቱ የመጣው ከሴቶቹ ባለሙያዎች ጥያቄ ነው። በ1977 ቤቲ ካርተር፣ ፔጊ ፓፕ፣ ኦልጋ ሲልቨርስታይንና ማሪያን ዋልተርስ የሴቶችን ጉዳይ በቤተሰብ ሕክምና ውስጥ የሚመረምር ሥራ ጀመሩ፤ በ1978 ደግሞ ሬቸል ሄር መስቲን በጉዳዩ ላይ ቀደምት የሆነውን ጽሑፍ አሳተመች። የጠየቁት ግልጽ ነበር። «ጥፋቱ በመካከላችሁ ነው» የሚለው አባባል ባል ሚስቱን በሚደበድብበት ቤት ምን ይሆናል? የሚመታውና የምትመታው እኩል ተሳታፊ ከተባሉ፣ ገለልተኛ ነኝ ያለው ሐኪም ለጉልበተኛው አግዟል። «ምሳሌ የሚሆን ቤተሰብ» እየተባለ የሚጠራውም ራሱ ሴቲቱን በወጥ ቤት፣ ወንዱን በውሳኔ ቦታ ያስቀመጠ ነበር።

ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያም የራሱ ታሪክ አለው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ መቀመጡ የቆየ ነው፤ ሽማግሌም እንደ ሚላኖዎቹ የሁለቱንም ወገን ዘመድ ሰብስቦ ያደምጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለሚያዩ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዳኝነት ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺ የመወሰኑን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ለሽማግሌዎች የማስታረቅ ድርሻ ተወላቸው። «ልጆችሽን ብለሽ ቻይው» እየተባለች የምትመለስ ሴት ታሪክ በብዙ ቤት ይታወቃልና፣ እርቅ የማንን ሰላም እንደሚያስጠብቅ መጠየቅ በአሜሪካ ሙያተኞች ብቻ የተጀመረ አይደለም።

ሁለተኛው ስብራት ከታማሚ ቤተሰቦች መጣ። ስኪዞፍሬኒያን ቤተሰብ ያመጣዋል የሚለው እምነት በምርምር ሊጸና አልቻለም። መወቀስ የሰለቻቸው ወላጆች በ1979 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ማዲሰን ተሰብስበው ብሔራዊ የታማሚ ቤተሰቦች ማኅበር መሠረቱ። ተመራማሪዎችም ወደ ሌላ መንገድ ዞሩ፤ ስለ ሕመሙ ለቤተሰቡ ማስረዳት፣ በቤት ውስጥ ያለውን ቁጣና ወቀሳ ማብረድ፣ መድኃኒቱን ማስቀጠል። ይህ አካሄድ ሕመሙ የሚያገረሽበትን ጊዜ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳዩ። ቤተሰብ ከተከሳሽነት ወጥቶ አጋር ሆነ።

የጥንዶች ሕክምና ደግሞ ወደ መለካት አደላ። ጆን ጎትማን በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1986 መኖሪያ ቤት የሚመስል ላቦራቶሪ ከፍቶ፣ ባልና ሚስት ሲያወሩ በካሜራ ቀረጸ፣ የልብ ምታቸውንም ለካ። ትዳርን ያፈርሳሉ ያላቸው አራት ነገሮች ሰውን መንቀፍ፣ መናቅ፣ ራስን መከላከልና በዝምታ ግንብ መሆን ናቸው፤ ከሁሉ የከፋው ንቀት ነው። ሱ ጆንሰንና ሌስ ግሪንበርግ በካናዳ በ1980ዎቹ የጀመሩት ሕክምና ከጠቡ ሥር ያለውን ፍርሃት ይፈልጋል። የሚጮኸው ሰው ብዙ ጊዜ «አለህልኝ ወይ?» እያለ ነው፤ የሚያኮርፈውም «አልበቃሁሽም» ብሎ ፈርቶ። ጆንሰን ይህንን ያስረዳችው ቦውልቢ ሕፃን ከእናቱ ጋር ስላለው ትስስር በሠራው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ በ1951 ለንደን ውስጥ በጨዋታ መሐል ስሙ የተነሣው ያው ቦውልቢ።

የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያዎቹ ማይክል ዋይት በአውስትራሊያ አደሌይድ፣ ዴቪድ ኤፕስተን በኒውዚላንድ ኦክላንድ በዚያው ዘመን ሌላ በር ከፈቱ። ሱሪው ላይ በሚጸዳዳ ሕፃን ጉዳይ ላይ ዋይት ችግሩን ለብቻው ስም አወጣለት፣ ተንኮለኛ አድርጎም አቆመው። ከዚያም ልጁን «ይህ ተንኮለኛ መቼ አሸነፈህ? አንተስ መቼ አሸነፍኸው?» ይለው ነበር። በዚህም ችግሩ ከልጁ ተነጥሎ ወጣ፤ እናትና አባትም ከልጃቸው ጎን ተሰለፉ።

የመስታወቱ ነገር ግን ገና አላበቃም ነበር። ከዊልትዊክ ጀምሮ ባለሙያዎቹ ከጨለማው ክፍል ያያሉ፣ ቤተሰቡ ከብርሃኑ ክፍል ይታያል፤ ስለ እነሱ የሚባለውንም አይሰሙም። በመጋቢት 1985 በሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ የቶም አንደርሰን ቡድን ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ከቤተሰቡ ጋር ያለው ወጣት ባለሙያ ምክር እየተነገረው ሲመለስ፣ ቤተሰቡ ደግሞ ወደ ተስፋ መቁረጡ መልሶ ይስበዋል። በመጨረሻ ቡድኑ አንድ ነገር ጠየቀ፤ እኛ ስናወራ ልትሰሙን ትፈቅዳላችሁ? ቤተሰቡ እሺ አለ። መብራቱ ተገለበጠ፣ ድምፁም ተገለበጠ። አንደርሰንና ባልደረቦቹ ከመጀመራቸው በፊት ፈርተው ነበር፤ ከመስታወት ጀርባ የለመዱት ክፉ ቃል ከአፋቸው እንዳያመልጣቸው። ሲጀምሩ ግን ቃላቸው ራሱ ተለወጠ፤ የሚሰማቸው ሰው አለና በእርጋታና በአክብሮት ተናገሩ። ጥቂት አውርተው መብራቱን ወደ ቤተሰቡ ክፍል መለሱት። ቤተሰቡ ዝም ብሎ እያሰበ ነበር። ትንሽ ቆይተው ባለሙያዎቹን ሳይጠብቁ፣ ፈገግ እያሉ እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀመሩ።